ቤት ፍለጋ፤ ከሠፈር ስም እስከ ሕንፃ ቁጥር

ከገጠር የመጣ እንግዳ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ከታክሲ ወርዶ የዘመዱን ቤት የጠየቀ እንደሆነ፣ መንገድ አሳዩ በቁጥር አይመልስለትም። «ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ቀኝ ትተው ዝቅ ይበሉ፤ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፉ ፎቅ ያገኛሉ፤ ከሥሩ ያለውን ባለሱቅ ይጠይቁ» ይለዋል። ባለሱቁም በተራው «ማንን ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ስም ይጠይቅና ደረጃውን ያመለክተዋል። እንግዳው ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ወረቀቱ ከኪስ ሳይወጣ ጉዳዩ ያልቃል።

ይህን ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚቆጥሩት ጥቂቶች አይደሉም። የከተማይቱን ታሪክ ላጤነ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ የቤት ቁጥር አጥታ አታውቅም፤ በየዘመኑ ከአንድ በላይ ቁጥር ተሰጥቷታል። ቁጥሮቹ የተሰጡት ግን ለመቁጠር እንጂ መንገድ ለመምራት አልነበረም። ሕዝቡም መንገዱን በስም መፈለጉን አልተወም። ይህ ልዩነት መኖሪያ ቤቶች ሽቅብ መሠራት እስከ ጀመሩበት ጊዜ ድረስ ብዙ ጉዳት አላስከተለም።

የጥንቱ የንጉሥ ሠፈር የራሱ የሆነ ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ በስተኋላ ይሰፍራሉ። ሠፈሩ ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ ነገ በሌላ ተራራ ሥር ቢተከልም የሰዎቹ አቀማመጥ ስለማይለዋወጥ፣ ጨለማ ላይ የደረሰ ወታደር እንኳ የጌታውን ድንኳን ለማግኘት አይቸገርም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገሪቱን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን ተንቀሳቃሽ ከተማ ሥርዓት አይቶ ጽፎታል። በዚያ ዘመን ማዕረጉ ራሱ አድራሻ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ከዚሁ ሥርዓት የተወለደች ናት። መኳንንቱ በግቢው ዙሪያ መሬት ተሰጥቷቸው ሠራዊታቸውን ይዘው ሰፈሩ፤ ራስ ተሰማ ሠፈር፣ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ራስ ካሣ ሠፈር የተባሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የግቢው የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሠፈር ተባለ። «ሠፈር» የሚለው ቃል ድንኳኑ ተነቅሎ ቤት ከተተካ በኋላም እንደቀጠለ ልብ ይሏል። ታቦት በገባበት ቦታ ደግሞ የታቦቱ ስም የሠፈሩን ስም ዋጠው፤ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ራጉኤል፣ ተክለ ሃይማኖት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለመንገደኛ የሚሰጠውን አገልግሎት ከመሐንዲስ ዓይን ያየው ሰው ሊያደንቀው ይገባል። ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል፤ ደወሉ ለማያይ ሰው ይሰማል፤ ቦታውንም በቀላሉ አይለቅም። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ኬቨን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ሰው ከተማን በአእምሮው የሚስለው በመንገድ፣ በድንበር፣ በሠፈር፣ በመገናኛ ቦታና በጉልህ ምልክት መሆኑን አስረድቷል። ከአምስቱ አንዱም ቁጥር አይደለም።

ከተክለ ሃይማኖት በስተሰሜን ያለው መርካቶ የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከጠላት ወረራ በፊት የከተማይቱ ትልቅ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ ነጭና ጥቁርን ለመለየት በነበራቸው ዓላማ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። አዲሱ ቦታ ቀጥ ባሉ መንገዶች በአራት ማዕዘን የተሸነሸነ ነው። እንዲህ ያለ ፕላን ለቁጥር እጅግ የሚመች ነበር፤ አንደኛ መንገድ፣ ሁለተኛ መንገድ እያሉ መጥራት ይቻል ነበር። ገበያተኛው ግን ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጆንያ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ምናለሽ ተራ ብሎ ሰየመው። የተራው ስም ምን እንደሚሸጥበት ስለሚናገር፣ የመጣው ዕቃ ለመግዛት የሆነ ሰው አድራሻውንና ጉዳዩን በአንድ ቃል ያገኘዋል። ገበያው ራሱ እንኳ የሚጠራው ወራሪው ትቶት በሄደው «ገበያ» የሚል ትርጉም ባለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። ካዛንቺስም እንዲሁ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ተቋም ስም አሕጽሮት ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ቃል ሠፈር ሆኖ ቀረ።

የቁጥሩ ዘመን የጀመረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከተማይቱ በ25 ከፍተኛዎችና ከ280 በሚበልጡ ቀበሌዎች ተከፈለች፤ ቤት ሁሉ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩ ኃይል ነበረው። ያለ ቤት ቁጥር የቀበሌ መታወቂያ አይገኝም፤ ያለ መታወቂያ ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በራሽን መግዛት አይቻልም። በ1976 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራም ቤት ለቤት የተካሄደ ነበር።

ነገር ግን ቁጥሩ ቤቶቹ የተመዘገቡበትን ተራ እንጂ መንገዱን የተከተለ አልነበረም። 212 ከ213 አጠገብ ሊገኝም ላይገኝም ይችላል። አንዱ ቤት ለሁለት ሲከፈል በእዝባር ንዑስ ቁጥር ይጨመርለታል፤ አዲስ ቤት ሲሠራ ደግሞ የትም ይሁን የት የመዝገቡን የመጨረሻ ቁጥር ያገኛል። ጭራሽ ቁጥር ያልደረሰው ቤት ነዋሪ በቅጽ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ይጻፍለታል። ይህች «አዲስ» የምትባል ቃል በአንዳንድ መታወቂያ ላይ ቤቱ አርጅቶ ጣሪያው እስኪዝግ ድረስ ሳትለወጥ ቆይታለች። በዓለም ላይ ቅጽል ቃል የቤት ቁጥር ሆኖ ያገለገለበት ሌላ አገር ይኑር አይኑር መመርመሩ ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1770 የቪየናን ቤቶች በቁጥር ያስመዘገበችው ለጦር ሠራዊቷ የሚመለመሉትን ወንዶች ለመቁጠር ነበር። ቁጥሩ ስሙን ያገኘው ከምልመላው ነው። በኋላ የተሠራ ቤት ተከታዩን ቁጥር እየወሰደ ቅደም ተከተሉ ስለ ተበላሸ፣ ከ90 ዓመት ያህል በኋላ ከተማይቱ ቁጥሩን ትታ ቤቶቹን በየመንገዳቸው እንደገና ለመቁጠር ተገደደች። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1805 ለፓሪስ ያወጣው ድንጋጌ ግን መነሻው ሌላ ነው። ሙሉ ቁጥር በመንገዱ ቀኝ፣ ጎዶሎ ቁጥር በግራ ይሆናል፤ ቁጥሩም የሚጀምረው ከሴን ወንዝ አንጻር ነው። ይህን ያወቀ መንገደኛ አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ ወንዙ በየት በኩል እንዳለ መናገር ይችላል። የቪየናው ቁጥር ቤቱን ለመንግሥት ሲያስታውቅ፣ የፓሪሱ ቁጥር ደግሞ ከተማውን ለእግረኛ ያስታውቃል። አዲስ አበባ የደረሳት የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ጉዳዩን ያባባሰው የአስተዳደሩ መለዋወጥ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከፍተኛዎቹ ቀርተው 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹ ተዋሕደው ቁጥራቸው ተቀየረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በወረዳ ተተኩ። በ2013 ዓ.ም. 11ኛው ክፍለ ከተማ ተጨመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከደጃፉ ያልተንቀሳቀሰ አንድ የተክለ ሃይማኖት ሽማግሌ በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ያህል አድራሻ ቀይሯል፤ ጎረቤቶቹ ግን ቤቱን የሚጠሩበትን ስም አልቀየሩም። ለመንገዶች በአፍሪካ አገሮች ስም ሰሌዳ በተተከለላቸው ጊዜም እንደዚሁ ሆነ። ካሜሩን ጎዳና፣ ናሚቢያ ጎዳና፣ ጂቡቲ ጎዳና የሚሉት ስሞች የአንድነት ስሜትን ቢያንጸባርቁም፣ የጂቡቲን ጎዳና ሃያ ሁለት ከማለት የተመለሰ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሃያ ሁለት ራሱ ቁጥር መሆኑ ደግሞ ይገርማል። አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሰባተኛ ሁሉም ቁጥሮች ነበሩ፤ ከሕዝቡ አፍ ሲገቡ ስም ሆኑ። ሰባተኛን ለማግኘት ከስድስተኛ ቀጥሎ የሚፈልግ የለም።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር ሰሜን ደቡብ መስመር በዚህ ረገድ አስተዋይነት ታይቶበታል። ጣቢያዎቹ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር፣ ልደታ ተብለው የተሰየሙት ሕዝቡ ቀድሞ በሚያውቃቸው ስሞች ነው። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ስም ነበር፤ ፋብሪካው ተወርሶ ስሙ ከተለወጠ ከአርባ ዓመት በኋላም ባቡሩ የጥንቱን ስም ይዞ ይቆማል። በስልክ ካርታ የሚመራው የዛሬው ባለ ታክሲ እንኳ ተሳፋሪው ዘንድ ሲቃረብ ደውሎ «ከምን አጠገብ ነዎት?» ማለቱ አልቀረም።

የመንገዱ ጥያቄ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩን ለልማድ መተው ይቻል ነበር። ጠይቆ ማግኘት ግን የሚሠራው የሚጠየቅ ሰው ባለበት ነው። በምድር ላይ በተደረደሩ ቤቶች ሠፈር ደጃፍ ላይ የተቀመጠች እናት፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ ባለሱቅ አይታጣም። ቤቶች ሽቅብ ሲነሡ ይህ ሁሉ ከታች ይቀራል። በሦስተኛ ወለል ኮሪደር ላይ የቆመ እንግዳ በሁለት ረድፍ የተዘጉ፣ በመልክ አንድ የሆኑ በሮች እንጂ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ ይህ ሁኔታ በብዙ ሺህ እጥፍ ተባዛ። ባለ አራት ፎቅ፣ አሳንሰር የሌላቸው፣ በአንድ ንድፍ የተደጋገሙ ሕንፃዎች ተሠሩ። የሕንፃው መለያ በግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈ የብሎክ ቁጥር ነው። ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስ፣ ከልደታና ከተክለ ሃይማኖት መንደሮች የተነሡ ጎረቤቶች ወደ ተለያዩ ዳርቻዎች ተበትነዋል። ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት በሌለበት ስም መጠየቅ ዋጋ የለውም።

በሕንፃ ውስጥ የመጀመሪያው ግርታ የወለል አቆጣጠር ነው። በአማርኛ «ምድር ቤት» ሲባል አንዱ ከመሬት እኩል ያለውን ወለል፣ ሌላው ከመሬት በታች ያለውን መጋዘን ይረዳል። «አንደኛ ፎቅ» ለአንዱ ደረጃ ወጥቶ የሚገኘው ሲሆን ለሌላው በመንገዱ ደረጃ ያለው ነው። በ2009 ዓ.ም. በሰንጋ ተራ ለባለ ዕድለኞች እንደተላለፉት የ40/60 ቤቶች ያለ አሳንሰር ያለው ሕንፃ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይጨመራል፤ የማዘዣው ቁልፍ በላቲን ፊደል «ጂ» ይላል፤ በሩ ሲከፈት ግድግዳው ምንም አይልም። በምድር ወለል ላይ ያሉትን ቤቶች ከ001 ጀምሮ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያሉትን ከ101 ጀምሮ መቁጠር ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ የሚወጡትን የደረጃ ብዛት ይነግራልና። በዚህ ቦታ የግዕዝ አኃዝ መጠቀም የሚፈልግ አገር ወዳድ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም።

ሁለተኛው ግርታ ከዚህ የከፋ ሲሆን ምንጩም ፊደላችን ራሱ ነው። ብዙ መግቢያ ወይም ብዙ ደረጃ ያለውን ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ መግቢያዎቹን በተለምዶ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ይሰይማቸዋል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በስልክ ሲነገር ግን አንደኛውና ሦስተኛው መግቢያ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰባት መግቢያ ቢኖር ሠ እና ሰ ይጨመሩበታል፤ ከሰባቱ አራቱ አሳሳቾች ሆኑ ማለት ነው። ሌሊት ወደ 939 ደውላ «ሐ መግቢያ፣ ሁለተኛ ፎቅ» የምትል እናት «ሐመሩ ሐ» ብላ እንድታብራራ መጠበቅ ከባድ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የቄስ ተማሪ ሀሁን ጨርሶ የሚሻገርበት የአቡጊዳ ተራ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ይላል። ሰባቱም በተነባቢ ይለያያሉ፤ በተበላሸ ስልክ እንኳ አንዱ ከሌላው አይምታታም። አባቶች ይህን ተራ ያቆዩት ለሕንፃ መግቢያ ብለው ባይሆንም፣ ለዚህ አገልግሎት ከዚህ የተሻለ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል።

የጽሑፉ መጠንና ቦታም የራሱ ሕግ አለው። በተለመደው አሠራር የፊደል ቁመት ከሚነበብበት ርቀት ከሁለት መቶኛ ማነስ የለበትም፤ ከ20 ሜትር የሚነበብ ቁጥር 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ስሌት የተቀመረው ለላቲን ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ሱ ከሲ የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ ቁመቱን ጨመር ማድረግ የብልህ ሥራ ነው። ቦታውን በተመለከተ የመርካቶና የተክለ ሃይማኖት ሱቆች መጥፎ ምሳሌ ናቸው። ቁጥሩ በሚጠቀለለው የላሜራ በር ላይ ይጻፋል፤ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ይጠቀለላል፤ ቁጥሩም እስከ ማታ አብሮ ይሰወራል። በመቃኑ ላይ ቢጻፍ ሌሊትም ቀንም በታየ ነበር። የሕንፃው ግንባር ደግሞ በክሊኒክ፣ በልብስ ሰፊና በፎቶ ቤት ታፔላ ስለሚሸፈን የሕንፃው የራሱ ስም ከሁሉ ያነሰው ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። ከመግቢያው በላይ ያለው አንድ ሜትር ያህል ቦታ ለታፔላ እንዳይከራይ በውል ቢከለከል ብዙ ያቃልላል።

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው እሳት እስኪነሣ ድረስ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች ወደ ውስጥ ለመግባት መቸገራቸው በወቅቱ ተነግሯል። ከታች ሸቀጥ፣ ከላይ ሰው የተከማቸበት ሕንፃ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የጃፓን ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1972 በኦሳካ ከተማ በሴንኒቺ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ወለል ላይ የተነሣው እሳት ጭሱ ወደ ሰባተኛው ወለል ወጥቶ በዚያ ይዝናኑ ከነበሩት ጋር 118 ሰዎችን ገደለ። (ጃፓኖች ከምድር ወለል «አንድ» ብለው ስለሚጀምሩ ያ ሰባተኛ ወለል ለአዲስ አበባ ሰው ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ የአቆጣጠሩ ጣጣ በሞት መዝገብ ላይ ሳይቀር ይከተላል።) ከዚያ ዓይነት አደጋዎች በኋላ ጃፓናውያን ንድፍ አውጪዎች ያሰናዱት፣ በዩኪዮ ኦታ ስም የሚታወቀው ወደ በር የሚሮጥ አረንጓዴ ሰው ሥዕል ዛሬ ዓለም አቀፍ ምልክት ሆኗል። ፊደል ያልቆጠረ ተሸካሚም፣ አማርኛ የማያውቅ ነጋዴም እኩል ይረዳዋል።

ሥዕሉ በብዛት የሚሰቀለው ከበር በላይ ነው። ጭስ ግን ወደ ላይ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚሸፍነው ያንኑ ነው። ስለዚህ በደረጃው መታጠፊያ ሁሉ ላይ የወለሉን ቁጥር፣ የመግቢያውን ፊደልና የመውጫውን አቅጣጫ ከጉልበት ከፍታ ባልበለጠ ደረጃ በደማቅ ቀለም ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። በዚያ ከፍታ የተጻፈ ነገር በጆንያና በሣጥን ሲፋተግ በአንድ ዓመት ውስጥ ይደበዝዛል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ንብረትን ጥበቃ ለነዋሪዎች ማኅበር የሰጠ በመሆኑ፣ የቀለሙ ወጪ ከደረጃ አምፖሉና ከውኃ ፓምፑ ጥገና ጋር በማኅበሩ ዓመታዊ በጀት መመዝገብ ይኖርበታል።